ፊደል፣ አስማትና መሰላል፦ «ግራመር» የተባለው ቃል ታሪክ

የሰው ልጅ ለሙያዎቹ ያወጣቸው ስሞች የሙያዎቹን ታሪክ በውስጣቸው ይዘው ይኖራሉ። አንድ ዕውቀት በማን እጅ እንደ ተወለደ፣ ማን እንደ ጠበቀው፣ ለማን እንደ ተከለከለና በመጨረሻም ለማን እንደ ተከፈተ፣ ስሙን መርምሮ ለመረዳት የሚቻልበት ጊዜ ብዙ ነው። ተማሪ ሁሉ በእንግሊዝኛ ክፍል «ግራመር» እያለ የሚያውቀው፣ በአገራችን ግን «ሰዋስው» የሚባለው ትምህርት ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ይሆናል።

በአብዛኞቹ የአውሮፓ ቋንቋዎች የዚህ ትምህርት ስም ከአንድ ሥር የበቀለ ነው። ጣሊያኖች «ግራማቲካ»፣ ፈረንሳዮች «ግራሜር»፣ ጀርመኖች «ግራማቲክ»፣ ሩሲያውያን «ግራማቲካ»፣ ዌልሾች «ግራማዴግ» ይሉታል። ድምፁ ይህን ያህል ይመሳሰል እንጂ ትርጉሙ በየዘመኑ ተለዋውጧል። በአንድ ወቅት ፊደል መቍጠር ማለት ነበር፤ ቀጥሎ ግጥምን መመርመር ሆነ፤ ከዚያም ላቲን የተባለውን አንድ ቋንቋ ብቻ የሚያመለክት ሆነ፤ ጥንቆላ ማለት የሆነበት ጊዜም አለ። ዛሬ ደግሞ ፊደል ያልቈጠረ ሰው እንኳ በአእምሮው ይዞት የሚኖረውን የቋንቋ ሥርዓት ይጠሩበታል። ከዚህ መለዋወጥ በስተጀርባ ፊደል ከጥቂቶች እጅ ወደ ብዙኃኑ የተሻገረበት ረጅም ታሪክ ይነበባል።

ጭረት፣ ፊደልና ግጥም

የቃሉ ሥር ግሪክኛ ነው። «ግራፌይን» መጫር፣ መፋቅ፣ ኋላም መጻፍ ማለት ሲሆን፣ ከዚሁ ግሥ «ግራማ» የሚለው ስም ወጣ፤ ትርጉሙም የተጫረ ምልክት፣ ማለትም ፊደል ነው። ስለዚህ «ግራማቲኬ ቴክኔ» የተባለው ሐረግ ቃል በቃል ሲፈታ «የፊደል ጥበብ» ይሆናል። በፕላቶ ዘመን፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ4ኛው መቶ ዓመት፣ ይህ ጥበብ ማንበብና መጻፍ ከመቻል ብዙም አያልፍም ነበር። ልጆችን ፊደል የሚያስቈጥረው መምህር «ግራማቲስቴስ» ይባል ነበር፤ በኅብረተሰቡ ዘንድ የነበረው ቦታም ዝቅተኛ ነበር።

ቃሉ ከፍ ያለው በእስክንድርያ ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ3ኛው መቶ ዓመት በዚህች ከተማ የተቋቋመው ታላቁ ቤተ መጻሕፍት የሆሜርን ግጥሞች ከየአቅጣጫው ሰበሰበ። ይሁን እንጂ ቅጂዎቹ እርስ በርሳቸው አልተስማሙም። በሆሜርና በእስክንድርያ ሊቃውንት መካከል ብዙ መቶ ዓመታት አልፈው ስለ ነበር የብዙ ቃላት ፍቺ ተዘንግቶ፣ አገባባቸውም እንግዳ ሆኖ ነበር። ዜኖዶቶስ፣ የቢዛንቲየሙ አሪስቶፋኔስና አሪስታርኮስ የተባሉት ሊቃውንት የትኛው ስንኝ የባለቅኔው እንደ ሆነ፣ የትኛውም ኋላ እንደ ገባ ለመለየት ሲደክሙ የቋንቋውን ሥርዓት መመርመር ግድ ሆነባቸው። ሰዋስው እንደ ትምህርት የተወለደው እንግዲህ ግጥምን ከጥፋት ለማዳን በተደረገው ጥረት ውስጥ ነው።

የአሪስታርኮስ ደቀ መዝሙር በነበረው በዲዮኒስዮስ ትራክስ ስም የሚጠራው «ግራማቲኬ ቴክኔ» የተባለ አነስተኛ መጽሐፍ ይህን በግልጽ ያሳያል። መጽሐፉ ሙያውን በስድስት ይከፍለዋል። ድምፅን ጠብቆ ማንበብ፣ የግጥም ዘይቤዎችን መፍታት፣ ብርቅ ቃላትንና ታሪኮችን ማብራራት፣ የቃላትን ምንጭ መፈለግ፣ የቃላትን ተመሳሳይ አረባብ መለየት ከክፍሎቹ መካከል ናቸው። በመጨረሻ የተቀመጠውና ከሁሉ የከበረ የተባለው ስድስተኛው ክፍል ግን የግጥም ፍርድ ነው። ስምንቱ የንግግር ክፍሎችም በዚሁ መጽሐፍ ውስጥ ተዘርዝረው ይገኛሉ። መጽሐፉ ወደ አርመንኛና ወደ ሱርስት ተተርጕሞ፣ ከአንድ ሺሕ ዓመት በላይ የመማሪያ መጽሐፍ ሆኖ አገለገለ። ሰዋስው ሲባል የመምህሩ ቀይ እርሳስ ብቻ ትዝ የሚለው የዛሬ አንባቢ፣ ሙያው በልጅነቱ የሥነ ጽሑፍ ሂስ እንደ ነበረ ቢያስታውስ መልካም ነው።

ነጻ የወጡ ባሮች ትምህርት

ወደ ሮማ ትምህርቱ የገባበት መንገድ እንደ ተረት የሚደመጥ ነው። ሱዌቶኒዩስ እንደ ተረከው፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ168 ገደማ የጴርጋሞን ንጉሥ መልእክተኛ ሆኖ ወደ ሮማ የመጣው ክራቴስ የተባለ ሊቅ በከተማይቱ የቆሻሻ ውሃ መውረጃ ጕድጓድ ውስጥ ወድቆ እግሩ ተሰበረ። እስኪጠገን ድረስ አልጋ ላይ ሳለ ሊጠይቁት ለሚመጡት ሁሉ ስለ ግጥምና ስለ ቋንቋ ያስተምር ጀመር፤ ሮማውያንም ከእርሱ አይተው ሙያውን ያዙ።

ሮማውያን ቃሉን በሁለት መንገድ ወሰዱት። በአንድ በኩል እንዳለ «ግራማቲካ» አሉት። በሌላ በኩል ደግሞ «ሊተራ»፣ ማለትም ፊደል፣ ከሚለው ከራሳቸው ቃል አስመስለው «ሊተራቱራ» ብለው ተረጐሙት። በ1ኛው መቶ ዓመት የኖረው መምህር ኵዊንቲሊያን ይህንኑ ትርጉም ይጠቅሳል። ዛሬ በአውሮፓ ቋንቋዎች ሥነ ጽሑፍ የሚጠራበት «ሊትሬቸር» የተባለው ስም የወጣው ከዚህ ነው። ሰዋስውና ሥነ ጽሑፍ በስም መንትያ ሆነው ከተወለዱ በኋላ በየትምህርት ቤቱ የተለያዩት በዘመን ብዛት ነው።

በሮማ ይህን ሙያ ያስተማሩት እነማን እንደ ነበሩ መጥቀስም ይገባል። ሱዌቶኒዩስ ከዘረዘራቸው መምህራን መካከል ብዙዎቹ ባሮች የነበሩና ኋላ ነጻ የወጡ ሰዎች ናቸው። የአውግስጦስ ቄሣር የልጅ ልጆች መምህር የነበረው ቬሪዩስ ፍላኩስ ከእነርሱ አንዱ ነበር። የገዥዎችን ልጆች ጥሩ አነጋገር ያስተማሩት፣ በገበያ የተሸጡ ሰዎች ነበሩ።

ሰዋስው ማለት ላቲን

የሮማ መንግሥት በምዕራብ ከወደቀ በኋላ ቃሉ በቤተ ክርስቲያንና በገዳም ግቢ ተከለለ። በ4ኛው መቶ ዓመት ዶናቱስ፣ በ500 ዓመት አካባቢም በቁስጥንጥንያ ያስተምር የነበረው ፕሪስኪያኑስ የጻፏቸው መጻሕፍት ምዕራብ አውሮፓን በሙሉ አስተማሩ። የዶናቱስ አነስተኛው መጽሐፍ ከመስፋፋቱ የተነሣ በእንግሊዝኛና በፈረንሳይኛ የደራሲው ስም ራሱ «የመጀመሪያ መማሪያ መጽሐፍ» ማለት ሆኖ ነበር። ሰዋስው ከሰባቱ ጥበባት የመጀመሪያው ስለ ነበር፣ በፈረንሳይ የሻርትር ካቴድራል በ12ኛው መቶ ዓመት በተሠራው በር ላይ አለንጋ በያዘች ሴት ተመስሎ፣ ሁለት ልጆችም ከእግሯ ሥር ተቀምጠው ተቀርጿል።

በዚህ ዘመን ግን «ግራማቲካ» የቋንቋ ትምህርት ሁሉ ስም መሆኑ ቀርቶ የላቲን ሌላ ስም ሆኖ ነበር። ዳንቴ በ14ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ስለ ሕዝብ ቋንቋ ክብር በጻፈው ድርሰቱ ላቲንን የሚጠራው «ግራማቲካ» እያለ ነው። በእርሱ አስተሳሰብ የሕዝብ ቋንቋ ልጅ ከሞግዚቱ አፍ የሚቀበለው ሲሆን፣ «ግራማቲካ» ግን በብዙ ዓመት ድካም የሚገኝ ነው። በእንግሊዝ አገር «ግራመር ስኩል» የተባሉት ትምህርት ቤቶችም ስማቸውን ያገኙት ላቲን የሚማሩባቸው ቤቶች ከመሆናቸው ነው።

ከዚህ ልማድ ወጣ ያሉ ሰዎች አልጠፉም። በ1000 ዓመት ገደማ ኤልፍሪክ የተባለው እንግሊዛዊ መነኵሴ የላቲንን ሰዋስው በአገሩ ቋንቋ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲጽፍ፣ ትምህርቱን «ስታፍክራፍት» ብሎ ጠራው። «ስታፍ» ፊደል፣ «ክራፍት» ጥበብ ነው፤ የግሪኩን ሐረግ ከነሥሩ ወደ አገሩ ቋንቋ መለሰው ማለት ነው። ሆኖም እንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ1066 በኖርማኖች ከተያዘች በኋላ ይህ ቃል ተረስቶ፣ የገዥዎቹ የፈረንሳይኛ ቃል ቦታውን ወሰደ።

ከመጽሐፍ ወደ አስማት

ዕውቀት በታጠረ ጊዜ፣ ከአጥሩ ውጭ የቀረው ሰው ስለ ዕውቀቱ የራሱን ትርጉም ይሰጣል። የመካከለኛው ዘመን ገበሬ ከመጽሐፉ ላይ የማይገባውን ቋንቋ ሲነበብ ይሰማል፤ በዚያ ንባብ ልጁ ይጠመቃል፣ ሙታኑ ይቀበራሉ፣ መሬቱም ይወሰድበታል። በወረቀት ላይ የተጫሩ ምልክቶች ይህን ሁሉ ማድረግ ከቻሉ፣ ዝናም ማዝነም ወይም ጋኔን መጥራት እንዴት ያቅታቸዋል? ስለዚህም «ሰዋስው ያውቃል» የተባለ ሰው ሁሉ ድግምት የሚያውቅ ይመስል ጀመር።

ይህ እምነት በቃሉ ላይ አሻራውን ትቷል። በፈረንሳይኛ «ግራሜር» ከሚለው ቃል «ግሪሟር» የሚል ሌላ ቃል ተወለደ፤ ትርጉሙም የአስማት መጽሐፍ ነው። በእንግሊዝኛ «ግራመሪ» የሚለው ቃል የሥውር ጥበብ ስም ሆነ። በስኮትላንድ ደግሞ ድምፁ ተለውጦ «ግላመር» ተባለ፤ እርሱም በእኛ አገር «አፍዝ አደንግዝ» ከሚባለው ጋር የሚቀራረብ፣ ዐይንን አታልሎ የሌለውን የሚያሳይ ምትሀት ነበር። ዋልተር ስኮት እ.ኤ.አ. በ1805 ባሳተመው ረጅም የትረካ ግጥም ቃሉን ካስገባው በኋላ በእንግሊዝኛ ሥነ ጽሑፍ ተሰራጨ። በ20ኛው መቶ ዓመት ፊልም ሠሪዎች ተረክበውት የኮከብ ተዋንያን የውበትና የድምቀት መጠሪያ አደረጉት። ዛሬ በመጽሔት ሽፋን ላይ ያለችውን ሸንቃጣ ተዋናይትና ተማሪው የሚያዛጋበትን የሰዋስው ደብተር የሚጠሩት ሁለት ቃላት የአንድ እናት ልጆች ናቸው።

ፊደል ነፍስ ያድናል የሚለው እምነት ከንቱ ቅዠት ብቻ እንዳልነበረ የእንግሊዝ ሕግ ይመሰክራል። በቀድሞው ሥርዓት ካህን በዓለማዊ ዳኛ ፊት በሞት አይቀጣም ነበር። ካህንነት የሚረጋገጠው በማንበብ ስለ ነበር፣ በብዙ ዓይነት ወንጀል የተከሰሰ ወንድ ሁሉ ከመዝሙረ ዳዊት አንድ ጥቅስ ካነበበ ከስቅላት የሚተርፍበት ልማድ ተፈጠረ። ጸሐፌ ተውኔት ቤን ጆንሰን እ.ኤ.አ. በ1598 ጋብርኤል ስፔንሰር የተባለውን ተዋናይ በሰይፍ ፍልሚያ ገድሎ ለፍርድ በቀረበ ጊዜ የዳነው በዚሁ ነው። ንብረቱ ተወረሰ፣ አውራ ጣቱ በጋለ ብረት ተተኰሰ፣ ነፍሱ ግን ተረፈች። ይኸው ሰው ኋላ የእንግሊዝኛ ሰዋስው ጽፎ፣ መጽሐፉ ከሞተ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1640 ታተመ። በዚያው ዓይነት ወንጀል የተያዘ፣ ማንበብ የማይችል ድኻ ግን ይሰቀል ነበር። ይህ ልማድ በሕግ የተሻረው እ.ኤ.አ. በ1827 ነው።

ሁለት ስለት ያለው መሣሪያ

ከ15ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ «ግራማቲካ» ከላቲን ግቢ ወጥታ ወደ ሕዝብ ቋንቋዎች መጣች። አንቶኒዮ ዴ ኔብሪኻ የስፓኝኛን ሰዋስው አሳትሞ ለንግሥት ኢዛቤላ ያበረከተው እ.ኤ.አ. በ1492፣ ኮሎምቦስ ወደ ምዕራብ በተነሣበት ዓመት ነበር። በመቅድሙም ድል የተነሡ ሕዝቦች የድል አድራጊውን ቋንቋ መማር እንደሚኖርባቸውና ይህ መጽሐፍ ለዚያ እንደሚጠቅም አስረድቷል። ከእርሱ በኋላ ፖርቱጋልኛ በ1536፣ ፈረንሳይኛ በ1550፣ እንግሊዝኛ በ1586 በየራሳቸው ቋንቋ የተጻፉ ሰዋስዎች አገኙ።

በሩሲያ የሚካኢል ሎሞኖሶቭ ሕይወት የዚህን ለውጥ ሌላ ገጽ ያሳያል። በሰሜን ጠረፍ ከዓሣ አጥማጅ ገበሬ ቤተ ሰብ የተወለደው ሎሞኖሶቭ በልጅነቱ እጁ ከገቡት ጥቂት መጻሕፍት አንዱ መለቲ ስሞትሪትስኪ እ.ኤ.አ. በ1619 ያሳተመው የቤተ ክርስቲያን ስላቮንኛ ሰዋስው ነበር። በሞስኮ ትምህርት ቤት ለመግባት የገበሬ ልጅነቱን መደበቅ ነበረበት። ይኸው ሰው እ.ኤ.አ. በ1755 ሩሲያኛን ራሱን የሚመረምር ሰዋስው ጻፈ። ከዚያው ከግሪኩ ሥር የመጣው «ግራሞታ» የተባለው የሩሲያኛ ቃል ማንበብና መጻፍ መቻልንም፣ ማኅተም ያለበትን የመንግሥት ደብዳቤም ያመለክታል፤ ፊደልና ሥልጣን በአንድ ቃል ተጠቅልለው ይኖሩ ነበር ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1919 የወጣው ዐዋጅ ከ8 እስከ 50 ዓመት የሆነውና ማንበብ የማይችለው ሁሉ በአፍ መፍቻ ቋንቋው ወይም በሩሲያኛ እንዲማር ሲያዝዝ፣ ይህን ጥቅልል ለመፍታት የተደረገ ሙከራ ነበር።

መሣሪያው ግን ሁለት ስለት አለው። በፈረንሳይ አብዮት ወቅት ካህኑና የሕዝብ እንደራሴው አንሪ ግሬጓር እ.ኤ.አ. በ1794 ለምክር ቤቱ ባቀረበው ዘገባ ቢያንስ 6 ሚሊዮን ፈረንሳውያን ፈረንሳይኛን እንደማያውቁ ገለጸ። መፍትሔ ብሎ ያቀረበውም የየአውራጃውን ቋንቋ ማጥፋትና የፓሪሱን ቋንቋ ማንገሥ ነበር። ዓላማው ሕግን ሁሉም እንዲረዳው ማድረግ ቢሆንም፣ ለብሬቶንና ለባስክ ተናጋሪ ልጆች አንዱ በር ሲከፈት የእናታቸው ቤት በር ተዘጋ። ከላቲን አገዛዝ የተላቀቀው ሰዋስው፣ በተራው በሌላው ላይ ላቲን ሆነ።

ከፊደል ወደ አንደበት

በ18ኛውና በ19ኛው መቶ ዓመት በሌላ መንግሥት ጥላ ሥር የነበሩ ሕዝቦች ቋንቋቸውን ሲያነቁ የግሪኩን ስም በራሳቸው ቃል ተኩት። ቼኮች መናገር ከሚለው ግሥ «ምሉቭኒጼ» አሉት። ሃንጋሪዎች «ኘልቭታን»፣ ፊንላንዶች «ኪየሊኦፒ» ብለው የሰየሙት ሲሆን፣ ሁለቱም የልሳን ትምህርት ማለት ናቸው። ጀርመኖችም ከባዕዱ ቃል ጐን «ሽፕራኽሌረ»፣ የቋንቋ ትምህርት፣ የሚለውን ያዙ። በእነዚህ ስሞች ሁሉ ውስጥ ፊደል የለም፤ የቀረው አንደበት ነው።

የቋንቋ ሳይንስም በዚሁ አቅጣጫ ሄደ። ፍራንስ ቦአስ እ.ኤ.አ. በ1911 ማሳተም በጀመረው ሥራ የሰሜን አሜሪካ ነባር ሕዝቦች ቋንቋዎች፣ አብዛኞቹ ፊደል ያልነበራቸው ሲሆኑ፣ ከላቲን ሚዛን ወጥተው በየራሳቸው ሥርዓት ተመረመሩ። ኖዓም ቾምስኪ እ.ኤ.አ. በ1957 ካሳተመው መጽሐፍ ወዲህ ደግሞ «ግራመር» ተናጋሪው ሁሉ ሳያውቀው በአእምሮው የያዘው፣ ሰምቶት የማያውቀውን ዓረፍተ ነገር ለመፍጠር የሚያስችለው ሥርዓት ስም ሆነ። በዚህ ፍቺ መሠረት እረኛውም ባለ ዲግሪውም እኩል የሰዋስው ባለቤት ናቸው። «የፊደል ጥበብ» ተብሎ የተሰየመው ነገር ፊደል አይቶ የማያውቀው ሰው ሀብት ሆኖ ተገኘ።

መሰላሉ

ይህ የአውሮፓ ቃል ከኢትዮጵያ ቋንቋዎች ጋር የተገናኘው በ16ኛው መቶ ዓመት በሮማ ነው። ማሪያኖ ቪቶሪ እ.ኤ.አ. በ1552 የግእዝን ሰዋስው በላቲን ሲያሳትም መምህሩ አባ ተስፋ ጽዮን ነበሩ። ሂዮብ ሉዶልፍም በ1661 የግእዝን፣ በ1698 የአማርኛን «ግራማቲካ» ለማሳተም የበቃው ከአባ ጎርጎርዮስ በተማረው ነው። አውሮፓውያኑ የራሳቸውን ስም ይዘው ቢመጡም፣ መምህራኑ ግን ለዚሁ ትምህርት ሌላ ስም ያለበት አገር ልጆች ነበሩ።

ያ ስም ሰዋስው ነው። ሰዋስው በግእዝ መሰላል፣ ደረጃ ማለት ነው፤ ያዕቆብ በሕልሙ ያየው፣ ከምድር እስከ ሰማይ የተዘረጋው መሰላል የሚጠራውም በዚሁ ቃል ነው። በመካከለኛው ዘመን የግብፅ ክርስቲያኖች ቅብጥኛ ከአፋቸው እየጠፋ፣ ዐረብኛ እየተተካ በሄደ ጊዜ የጥንቱን ቋንቋ ለትውልድ ለማቆየት የቅብጥና የዐረብኛ መዝገበ ቃላት አዘጋጁ፤ እነዚህንም በዐረብኛ «ሱለም»፣ ማለትም መሰላል፣ አሏቸው። ሊቃውንት የግእዙ ስያሜ ከዚህ ጋር የተያያዘ መሆኑን ያስረዳሉ። እንደ እስክንድርያዎቹ ሁሉ እነዚህም የሚያሳስባቸው እየራቀ የሚሄድን ቋንቋ መያዝ ነበር።

በአገራችን የዚህ ትምህርት ማደሪያ ቅኔ ቤት ነው። ተማሪው ግሥ ያወርዳል፣ ርባ ቅምሩን ይለያል፣ ከዚያም ከጉባኤ ቃና ጀምሮ ቅኔ ይቈጥራል፤ የቈጠረውን ለመምህሩ ሲነግር መምህሩ ያርማል፣ ይፈርዳል። ባለቤት፣ ተሳቢ፣ ዘርፍ፣ ማሰሪያ አንቀጽ የሚሉት ስያሜዎች የተኰተኰቱት እዚያ ነው። እስክንድርያውያን ከሁሉ የከበረ ያሉት የግጥም ፍርድ፣ በቅኔ ቤት ከሰዋስው ሳይነጠል ኖሯል።

አስማቱ ግን በዚህም አገር አልቀረም። ከቅኔ ቤት የወጣው ደብተራ በየመንደሩ «ደጋሚ»፣ «መጽሐፍ ገላጭ» እየተባለ ሲፈራም ሲፈለግም ኖሯል። ይልቁንም «አስማት» የሚለው ቃል ራሱ በግእዝ «ስም» ለሚለው ብዙ ቍጥሩ ነው፤ ስሞች ማለት ነው። ተማሪው በሰዋስው መጀመሪያ የሚማረው ቃል ብዙ ቍጥሩ ከቤቱ ውጭ ድግምት ሆነ። አውሮፓ ከፊደል አስማት እንዳወጣች ሁሉ፣ የእኛም ምድር ከስም አስማት አወጣች። ምክንያቱም አንድ ነው፤ ቃሉን የሚሰማው ብዙ፣ የሚፈታው ጥቂት ነበር።

በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በሂደት በ15 የአገሪቱ ቋንቋዎች ማስተማር ሲጀምር፣ ከእነዚህ ቋንቋዎች አንዳንዶቹ ስንኳን መጽሐፍ ፊደልም እምብዛም ያልቀመሱ ነበሩ። አርሶ አደሩ ስሙን በጻፈ ቀን ፊደል ከአስማትነት ወርዶ የእጅ መሣሪያ ሆነለት። ሥራው ግን በፊደል አያበቃም። የየቋንቋውን ሥርዓት መርምሮ መጻፍ፣ ግጥሙንና ተረቱን መዝግቦ መፍረድ፣ አንዱን ለማንሣት ሌላውን ላለመርገጥ መጠንቀቅ የመምህሩም፣ የባለቅኔውም፣ የአስተዳዳሪውም ድርሻ ነው። መሰላል የሚሠራው ሰው ሊወጣበት ነው። ከወጡት አንዱ ወደ ላይ የሳበው እንደ ሆነ ግን፣ ከታች ለቀረው የሚታየው አስማት ብቻ ነው።